ነጭ ብላ የጻፈችው ድንጋይ

ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ጠጠር ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት፤ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ከመንገዱ ዳር ባለችው አንድ ክፍል ሱቋ ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ ሱሪ ስታሳጥር፣ ዚፕ ስትቀይር፣ የወፈሩትን ሰዎች ልብስ ስታሰፋ፣ የከሱትን ደግሞ ስታጠብብ ኖራለች። ቅጽል ስሙ የወጣላት ግን በስፌቱ አይደለም። ከስፌት መኪናዋ ጀርባ፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢቶቹ ከሚከመሩበት ጎን፣ ስድስት መሳቢያ ያለው አሮጌ ቁም ሣጥን አለ። በየመሳቢያው የእንቁላል ካርቶን ተዘርግቷል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ግን እንቁላል አይደለም፤ ድንጋይ ነው። መቶ አሥራ ስድስት ድንጋይ፣ ሁሉም ሰማያዊ። ቢያንስ እሷ ሰማያዊ ናቸው ብላ ነው ያስቀመጠቻቸው።

የጀመረችው በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ በሰው ሱሪ ኪስ ምክንያት ነው። አንድ የማዕድን ፍለጋ ሠራተኛ ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ጥሎላት ሄደ። መቼም ልብስ ሰፊ ኪስ ሳትፈትሽ መርፌ አታነሳም፤ ስትፈትሽ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ድንጋይ አገኘች። ሰውዬው ሲመለስ ሱሪውንም ድንጋዩንም አስረከበችው።

«ከወደድሽው ያዥው» አላት። «አዙራይት ይባላል። መዳብ ባለበት ነው የሚገኘው።»

«ድንጋይ ስም አለው እንዴ?»

«ስም ብቻ? አመልም አለው።»

የማዕድን ፍለጋ ሰው ሱሪ ቶሎ ይቀደዳል። ሰውዬው በተመላለሰ ቁጥር የድንጋይን አመል እንዴት እንደሚያወጣጡ ያሳያት ጀመር። በጥፍር ይጫራል ወይስ አይጫርም? በመዳብ ሳንቲምስ? በቢላዋስ? የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ ሸካራ ጀርባ ላይ ሲጎተት የሚተወው ጭረት ምን ዓይነት ነው? ኮምጣጤ ጠብ ሲልበት ይፈላል? በመጨረሻ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር የራሱን አጉሊ መነጽር ትቶላት ሄደ።

ቀለሙን ግን የምትመዘግበው ከማንም ባልተማረችው በራሷ መንገድ ነበር። ግድግዳው ላይ ክሮቿ በምስማር የተሰቀሉበት ሰሌዳ አለ። ከእነሱ ውስጥ ሠላሳ አራቱ ሰማያዊ ናቸው፤ ከሁሉ ፈዛዛው ቁጥር አንድ፣ ወደ ጥቁር የሚጠጋው ቁጥር ሠላሳ አራት። አዲስ ድንጋይ ሲመጣ ክሩን እየጎተተች አጠገቡ ታስቀምጥና የገጠመውን ቁጥር ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ሌላው ሰው «ሰማያዊ» ብሎ በሚያልፈው ነገር ላይ እሷ ግማሽ ቀን ትፈጃለች።

ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤት አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አብረው ናቸው። ሁለቱ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ሆነው እናታቸውን እስከ መጨረሻው አስታመዋል። ወንድምየው በመንገድ ሥራ ላይ ኤክስካቫተር ይነዳል፤ ከየቁፋሮው ያብለጨለጨ ነገር ሲያገኝ ለታላቅ እህቱ ያመጣል። እህቷ በዚህ ነገር በሁለቱም ላይ ትቀልዳለች።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» ትላለች። «አንዱ ይቆፍራል፣ አንዷ ታከማቻለች። ቤቱ አንድ ቀን በድንጋይ ክብደት ይሰምጣል።»

ያ ሁሉ ግራ መጋባት የጀመረው በድንጋይ ሳይሆን በካፖርት ነው።

የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ጥቁር ካፖርታቸውን ገበሩን ልትቀይርላቸው ሰጥተዋት ነበር። በወሰዱ በማግስቱ ይዘውት ተመለሱ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጉትና በጣታቸው ጠርዝ ጠርዙን ተከተሉ።

«እትዬ፣ ጥቁር ካፖርት በሰማያዊ ክር መስፋት አዲስ ዘመናዊ አሠራር ነው?»

«የምን ሰማያዊ? ጥቁር ነው እንጂ።»

ካፖርቱን ይዛ ወደ በሩ ወጣች። ፀሐይ ላይ አገላበጠችው። ጥቁር ነው። እህቷን ጠራቻት። እህቷ ገና ከሩቁ ሳቀች።

«እንዴ፣ ከመንገድ ማዶ እንኳ ይታያል! ሰማያዊ ነው።»

ከዚያ ግን ሳቋን አቆመችና የስልኳን መብራት አብርታ የታላቋን ብሌን ተመለከተች። አዋላጅ ብትሆንም ነርስ ነርስ ነው። «ዓይንሽ ላይ ሞራ አለ» አለቻት። «ሁለቱም ላይ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

ሄዱ። ሐኪሙ የቀኙን ዓይን ቀድሞ ሊሠራ፣ የግራውን ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ ሊያየው ተስማሙ። ቀዶ ጥገናው ከአንድ ቀሚስ እጅጌ ስፌት ያነሰ ጊዜ ወሰደ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ እትዬ ጠጠር በመጀመሪያ ያየችው የሐኪሙን ጋዋን ነው፤ ሰማያዊ ይመስላል። ግድግዳውም ሰማያዊ ይመስላል። የእህቷ ሽበት እንኳ ሰማያዊ ሆኗል።

«ደህና ያያሉ እማማ?» አላት ሐኪሙ።

«ደህና አያለሁ» አለች። ሌላ ምን ትበል?

ቤት እንደገባች ቀጥታ ወደ ክሩ ሰሌዳ ሄደች። አመዳማ ናቸው ብላ ከሰማያዊዎቹ ለይታ የሰቀለቻቸው አምስት ክሮች ሰማያዊ ሆነው ቆዩዋት። ቀኙን ዓይኗን ጨፍና በግራው አየች፤ አመዳማ። ግራውን ጨፍና በቀኙ አየች፤ ሰማያዊ። በአንደኛው ዓለሙ ሁሉ ሻይ የፈሰሰበት አንሶላ ይመስላል፣ በሌላኛው ያው አንሶላ አሁን ከውሃ የወጣ። የትኛው ነው ልኩ? አንድ ሰው አንድ ጭንቅላት ይዞ ሁለት ዓይነት ነገር እንዴት ያያል? ሁለቱንም ስትገልጥ ደግሞ ቀለሞቹ መሐል ቦታ ላይ ይወዛወዛሉ። ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ለእህቷ አልነገረቻትም። ነገ ይስተካከላል አለች በልቧ።

ሳምንት ሳይሞላ ወንድሟ ከቁፋሮ መጣ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። የምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ክብደቱ የምሳ አይመስልም።

«ምንድን ነው ደግሞ?»

«እንጃ። ረግረግ ውስጥ የውሃ መውረጃ ስንቆፍር አራት ሜትር ታች የበሬ አጥንት ወጣ። አጥንቱ ክፍተት ውስጥ የሚያብለጨልጭ ነገር አለ። ጭቃውን አልነካሁትም፣ እንዳለ ከትቼ መጣሁ። እጠቢና እዪው።»

«ቀለሙስ?»

«እትዬ፣ ጭቃ ነው የምልሽ። መኪናው እየጠበቀኝ ነው።» ግንባሯን ስሟት ወጣ። እሱ የሚሠራበት ቦታ ስልክ አይሠራም፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ድምፁም አልተሰማም።

አንዱን አወጣችና በጥርስ ብሩሽ አጠበችው። እንደ ጣት የረዘመ፣ እንደ ቢላ ስለት የሳሳ ክሪስታል ነው። በቀኝ ዓይኗ አየችው፤ የመስኮት መስታወት ይመስላል፣ ከሥሩ ያለው የጨርቅ ክር ሁሉ አልፎ ይታያል። በግራዋ አየችው፤ ያው መስታወት፣ ሻይ የነካው ብቻ። እጅግ ለስላሳ ነው፤ በጥፍሯ ጫረችው። ንጣፉ ጀርባ ላይ ጎተተችው፤ ነጭ ዱቄት ተወ። ሰማያዊ ስላልሆነ ከመቶ አሥራ ስድስቱ ጋር አይቆጠርም፤ በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ብቻ ጻፈችው። «ነጭ፤ እንደ ብርጭቆ። በጥፍር ይጫራል። ጭረቱ ነጭ። ስሙን አላውቅም።» ድንጋዩን ከነንጣፉ መስኮቱ ላይ አደረገችው። የቀሩትን ከነጭቃቸው ዘግታ መሳቢያ ውስጥ ከተተች።

በማግስቱ ጠዋት መጋረጃውን ስትገልጥ መስኮቱ ላይ ያለው ድንጋይ ሰማያዊ ነው።

ዓይኖቿን አሸች። ቀኙን ጨፈነች፤ ሰማያዊ፣ ትንሽ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ። ግራውን ጨፈነች፤ ሰማያዊ። ደብተሩን ገለጠች። በራሷ እጅ፣ በራሷ ብዕር «ነጭ» ይላል። ንጣፉን አየች፤ ትናንት የተወው ነጭ ጭረት እሱም ሰማያዊ ሆኗል። የድንጋዩስ ይሁን፤ የተወው ጭረት እንዴት አብሮ ይቀየራል?

«ነይ እስቲ አንዴ!» ብላ እህቷን ጠራች። እህቷ ሳሙና በእጇ እንደያዘች መጣች።

«ይሄ ምን ቀለም ነው?»

«ሰማያዊ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ዓይኔን ግንባር ያርገው! ሰማያዊ ነው። ያንቺ ድንጋይ መቼ ነው ሌላ ቀለም ኖሮት የሚያውቅ?»

«ትናንት ነጭ ነበር።»

እህቷ ሳሙናውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና ቀስ ብላ፣ በሥራ ቦታዋ በምትናገርበት ድምፅ ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

ጥያቄው ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። እናታቸውን ሐኪሞች ሁልጊዜ የሚጠይቋት እሱን ነበር። እናታቸው በስተርጅና አእምሮዋ ሲከዳት በመጀመሪያ ያመጣችው ነገር «ቀየሩብኝ» ማለት ነው። ይሄ የኔ ማንኪያ አይደለም፣ ቀይረውብኛል። ይሄ የኔ ብርድ ልብስ አይደለም፣ የኔ ቀይ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንኪያ ሲያሳዩዋት፣ ብርድ ልብስ ሲያሳዩዋት ከርመው ነው የተሸኘችው።

እትዬ ጠጠር ተናደደች። ስትናደድ ደግሞ ማጣፊያው ያጥራታል።

«መስኮቱን ማን ነው የወለወለው?»

«እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት። ምነው?»

«ታዲያ ቀይረሽብኝ ነዋ!»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። እህቷ ሳሙናውን አንስታ ወደ ጓሮ ሄደች።

ከዚያ ቀን ወዲያ ቤቱ ውስጥ «ምሳ ቀርቧል» እና «በሩን ዝጊው» ብቻ ሆነ። እትዬ ጠጠር ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ ስፌቱን ትጀምራለች፤ ትተወዋለች። እጇ ሥራውን ያውቀዋል፣ ልቧ ግን መስኮቱ ላይ ነው። ዓይኔ ነው? ጭንቅላቴ ነው? ወይስ የእውነት ሰው ቀይሮት ነው? ሰው ደግሞ ልብስ ሰፊ ቤት ገብቶ ድንጋይ በድንጋይ ምን አድርጎ ይቀይራል? ጭረቱንስ ምን አድርጎ ሰማያዊ ያደርገዋል? አንዱን ስትይዝ ሌላው ያመልጣታል።

የክትትል ቀጠሮዋ ሲደርስ ብቻዋን ሄደች። ፈራ ተባ እያለች ለሐኪሙ ስለ ጋዋኑና ስለ ክሮቹ ነገረችው። እሱ ምንም አልደነገጠም።

«ትክክል ነው እማማ። የድሮው የዓይንዎ ሌንስ ቢጫ ሆኖ ነበር። ቢጫ ደግሞ ሰማያዊውን ብርሃን አያሳልፍም። አሁን ስላወጣነው ሰማያዊው ሁሉ መግባት ጀመረ። ግራው እስኪሠራ ሁለቱ አይስማሙም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ቢጫ የሆነው?»

«እሱን ማወቅ አይቻልም። ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። አሥር ዓመት ይሁን፣ ሃያ ይሁን…»

«ነጭ ድንጋይ ሰማያዊ ሆኖ ሊታይ ይችላል?»

«ሰማያዊ ጥላ ያለበት መስሎ ሊታይ ይችላል፣ አዎ።»

እንደ መዳን ያለ ነገር ተሰማት። እብድ አይደለሁም፣ ዓይኔ ነው! ደስ ብሏት ቤት ገባች፤ ደብተሯን ገልጣ «ነጭ» ከሚለው ጎን «ልክ ነው» ልትጽፍ ብዕር አነሳች። ብዕሩን ሳታስቀምጥ ግን ሌላ ነገር መጣባት። ዓይኗ ከሆነ፣ እህቷም ሰማያዊ ነው ያለችው በማን ዓይን ነው? «ነጭ» የሚለውን ሰርዛ «ሰማያዊ» ብላ ጻፈች፤ ደስታዋም እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀ።

በዚህ ላይ ሐኪሙ አሥር ዓመት ይሁን ሃያ ይሁን ያለው ነገር አለ። መሳቢያዎቹን አወጣችና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በቀኝ ዓይኗ ከደብተሩ ጋር አስተያየች። ቁጥር ሃያ የተባለው ክር ከድንጋዩ ጋር አይገጥምም። ደብዛዛ ያለችው ደማቅ ነው። አንዱን በኩራት ካያናይት የተባለው ሰማያዊ ማዕድን ነው ብላ የመዘገበችውን አሁን ስታየው ወይን ጠጅ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ከሱሪው ኪስ የወጣው የመጀመሪያው ድንጋይ ነው። አብዛኛው ጎኑ አረንጓዴ ነው! አረንጓዴ ከሆነ ማላካይት ነው እንጂ አዙራይት አይደለም። ሰውዬው ተሳስቶ ነበር? ወይስ በሃያ ሦስት ዓመቷም ደህና አታይም ነበር? ወይስ በአንዱ የጽዳት ቀን ከሌላ ጋር ደባልቃዋለች? ይህን እስከ ዛሬ ድረስ አላወቀችም።

መስኮቱ ላይ ያለው ድንጋይ ደግሞ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሰኞ ዕለት የጠቆረ መሰላት። አሁንም ዓይኔ ነው ልትል ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የአርባ ዓመት ሙያዋ ትዝ አላት። ሰው ሁለት ጨርቅ ይመሳሰል እንደሆነ ሲጠራጠር ምን ያደርጋል? ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ከክሮቹ መሐል የገጠመውን አወጣች፤ ቁጥር ሃያ ሁለት። ክሩን ድንጋዩ አጠገብ በስፒል ወጋችው። ዓይኗ ከሆነ የሚለዋወጠው፣ ክሩም ድንጋዩም እኩል ይለወጣሉ፣ ገጥመው ይቀራሉ።

ሐሙስ ዕለት አልገጠሙም። ክሩ እዚያው ነው፤ ድንጋዩ ግን ቁጥር ሃያ ዘጠኝ ደርሷል። በቀኝ ዓይኗም በግራዋም አይገጥምም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሷ ግን እያደር ጠቆረ።

ድንጋዩ ራሱ ነው የሚለወጠው። ይህን ጮክ ብላ ተናገረችው፤ ሱቁ ውስጥ ግን የሚሰማ አልነበረም። ደግሞስ ማን ያምናል? ድንጋይ እንደ ፍሬ ይበስላል እንዴ?

ድንገት የምሳ ዕቃው ትዝ አላት። ከመሳቢያው አውጥታ ከፈተችው። ጭቃውን በጣቷ ገለጥ ስታደርገው ከውስጥ የወጡት ክሪስታሎች እንደ መጀመሪያው ቀን ነጭ ናቸው፤ እንደ ብርጭቆ። ከአንድ አጥንት የወጡ፣ በአንድ ዕቃ የመጡ ናቸው፤ አንዱ ሰማያዊ፣ ሌሎቹ ነጭ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ያወቀች ሲመስላት ያወቀችው ነገር ራሱ ተመልሶ ያደናግራታል።

ልዩነቱ ምንድን ነው? እነዚህ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ያኛው መስኮት ላይ። እርጥበት ይሆን? ጭቃው ይሆን? ፀሐይ ይሆን? ፀሐይማ ቀለም ታነጣለች እንጂ መቼ ቀለም ትሰጣለች! መስኮት ላይ የተሰቀለ ቀሚስ ሲነጣ ነው የምታውቀው። ቢሆንም ከርዕሰ መምህሩ ካፖርት ገበር የተረፈ ጥቁር ቁራጭ አነሳችና ከክሪስታሎቹ ለአንዱ እስከ ወገቡ የሚደርስ ካልሲ ሰፋችለት። በሕይወቷ ለድንጋይ ልብስ ስትሰፋ የመጀመሪያዋ ነው። የላይ ግማሹን ገልጣ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

ሁለት ቀን ቆይታ ካልሲውን ሳበችው። የላይኛው ግማሽ ሰማያዊ፣ የታችኛው ነጭ። መሐሉ ላይ ካልሲው ጠርዝ የነበረበት ቦታ እንደ ቀሚስ ቅምቅማት ቀጥ ብሎ ይታያል።

ወደ ጓሮ ይዛው ሄደች። እህቷ ልብስ ታሰጣ ነበር። እትዬ ጠጠር መዳፏን ዘረጋችላት።

እህቷ አየችው፤ አገላበጠችው። «ምን አድርገሽው ነው? ቀለም ቀብተሽው ነው?»

«ካልሲ አልብሼው ነው።»

«ምን?»

ነገረቻት። ክሩን፣ ካልሲውን፣ የምሳ ዕቃውን፣ ሐኪሙ ያለውን፤ ቅደም ተከተሉ ቢጠፋባትም ነገረቻት። እህቷ ከልብስ መጭመቂያው ጎን ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ እኮ…» አለች፣ «እኔ ያን ቀን አንቺን እንደ እማዬ… ደግሞ እንዴት አድርጌ ልጠይቅሽ…»

«እኔም ቀየርሽብኝ አልኩሽ።»

«አልሽኝ።»

«ይቅር በይኝ።»

«ነይ ልብሱን ያዥልኝ» አለች እህቷ። አንሶላውን ለሁለት ጨምቀው ሰቀሉት። ከሰቀሉ በኋላ ተመልሰው ድንጋዩን አዩት። ምን እንደሆነ አሁንም ሁለቱም አያውቁም።

በሳምንቱ የማዕድን መሥሪያ ቤቱ ላቦራቶሪ አብረው ሄዱ። የተቀበለቻቸው ባለሙያ የእነሱ ልጅ ብትሆን የምትበቃ ወጣት ናት። ካልሲ የለበሰውን ድንጋይ ስታይ መጀመሪያ ፈገግ አለች። የምሳ ዕቃውን ስትከፍት ግን ወዲያው ዘጋችው፤ መጋረጃውንም ጎተተችው።

«ከየት ነው ያገኛችሁት?»

ነገሯት። ከአንዱ ክሪስታል ጫፍ በጣም ትንሽ ቆርሳ ወደ ውስጥ ይዛ ገባች፤ እነሱ ኮሪደር ላይ ብዙ ጠበቁ። ስትመለስ ጉንጯ ቀልቶ ነበር።

«ቪቪያናይት ነው። አጥንት ረግረግ ውስጥ ሲቀበር፣ ከአጥንቱ ፎስፈረስ፣ ከጭቃው ብረት ይወስድና ጨለማ ውስጥ ያድጋል። እዚያው እስካለ ቀለም የለውም። ብርሃንና አየር ሲያገኘው ውስጡ ያለው ብረት ይለወጥና ሰማያዊ ይሆናል። ይቆይና ይጠቁራል፣ ከዚያ ይፈረፈራል። እንዲህ ጣት የሚያህል ሆኖ እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ እማማ፣ ብርቅ ነገር ነው።»

«ታዲያ ቀለሙ ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?»

«እሱማ…» ባለሙያዋ ሳቀች። «እኛንም ያከራክረናል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ሲወጣ የነበረውን ማወቅ የምንፈልገው። ያን ዕለት ጽፈውታል?»

እትዬ ጠጠር ደብተሯን እያመነታች ዘረጋች። የመጨረሻው ገጽ ላይ «ነጭ» ተሰርዟል። አጠገቡ «ሰማያዊ» ተጽፎ ተሰርዟል። ከሥሩ «እንጃ» ይላል።

«የትኛው ነው ልኩ?» አለች ባለሙያዋ።

እትዬ ጠጠር አንድ ወር ሙሉ ስታመነታ የከረመችበት ነገር ነው። ያየችው ዓይኗ በተሠራ በአምስተኛው ቀን ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግድግዳውም ሰማያዊ ነበር፤ ያን ዕለት ምን እንዳየች መሐላ ቢሉዋት ትምላለች?

«የመጀመሪያው ነው» አለች እህቷ። «ነጭ ነበር።»

እትዬ ጠጠር ዞር ብላ አየቻት። «አንቺ የት አየሽው?»

«እኔማ አላየሁም። አንቺ አይተሽዋል።»

ባለሙያዋ አንዷን ስታይ ሌላዋን ስታይ ቆየችና «ነጭ» ብላ ጻፈች። ሦስት ክሪስታሎችን በጥቁር ሣጥን አድርጋ አስቀረች፤ የቀሩትን መልሳ ጭቃቸው ውስጥ ከተተችላቸውና ጨለማ ውስጥ እንዲያቆዩዋቸው አስጠነቀቀቻቸው። የመስኮቱን ድንጋይ ግን ማንም ማዳን አልቻለም። በወሩ መጨረሻ እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ እንደ ደረቀ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ንጣፉ ላይ ፈረሰ።

የግራው ዓይን ቀጠሮ ሲደርስ እትዬ ጠጠር ሁለት ጊዜ አስተላለፈችው። ለእህቷ «ሥራ በዝቶብኝ» አለቻት፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። መቶ አሥራ ስድስቱን ድንጋዮች ለምን እንደዚያ እንደጻፈቻቸው የሚነግራት ያ ሻይ የነካው ዓይን ብቻ ነበር። እሱ ከተሠራ፣ ደብተሩን የጻፈችው ሴት ምን እንዳየች የሚያውቅ አይኖርም። በሦስተኛው ቀጠሮ እህቷ ክንዷን ይዛ ወሰደቻት።

አሁን ሁለቱ ዓይኖቿ ይስማማሉ። ለነገሩ እሷ እንደ ድሮው አልሆነችም፤ ደንበኛ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ቀለሙን ከመናገሯ በፊት ትጠይቃለች። መሳቢያዎቹንም እንደ አዲስ እየመዘገበች ነው፤ እስካሁን አርባ ያህል ጨርሳለች። ከአርባዎቹ ሰባቱ ሰማያዊ አልሆኑም፤ የት እንደምታስቀምጣቸው ስለማታውቅ ወንበር ላይ ናቸው።

ባለፈው እሑድ እህቷ ወደ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዋ ቤት ልትሄድ ለጡረታዋ ቀን የተሰፋላትን ሙሉ ልብስ ለብሳ ወጣች። የሰፋችላት እትዬ ጠጠር ናት፤ ጨርቁን የመረጡትም አብረው ነው።

«ልብስሽ እንዴት ያምራል» አለች እትዬ ጠጠር። «ሰማያዊ እንዲህ ያምርብሻል ብዬ አላስብም ነበር።»

«የምን ሰማያዊ? አመዳማ ነው እንጂ።»

«ሰማያዊ ነው። የውሃ ሰማያዊ።»

«እትዬ፣ ስድስት ዓመት የለበስኩት ልብስ ነው! አመድ ነው ብለሽ የሰፋሽው ራስሽ ነሽ።»

ወደ በሩ ወጥተው ፀሐይ ላይ ቆሙ። እህቷ እጅጌዋን ዘርግታ አየችው፣ አስጠጋችው፣ አራቀችው። በዚያ ስታልፍ የነበረችውን ዳቦ ሻጭ ጠየቋት፤ ሴትዮዋ ሳትቆም «ሰማያዊ» ብላ አለፈች። እህቷ ስልኳን አወጣችና መብራቱን አብርታ በሱቁ መስታወት የራሷን ብሌን ለማየት ሞከረች፤ መብራቱ ራሷን አጥበረበራት። ስልኩን ለታላቋ ሰጠቻት።

«እስቲ እዪልኝ።»

«ምን እንደምፈልግ መች አውቃለሁ?»

«ደመና የመሰለ ነገር አለው?»

እትዬ ጠጠር አየች። የመሰለ ነገር አለ። ወይም የመብራቱ ነጸብራቅ ነው። «እንጃ» አለች። «ነገ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

እንግድነቱ ቀረ። እህቷ ሱቁ ውስጥ ገብታ የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀመጠችና ዙሪያዋን ታይ ጀመር። «ያ መጋረጃስ?» አለች። «ክሬም» አለቻት እትዬ ጠጠር። «ያቺ ቦርሳስ?» «አረንጓዴ… ይመስለኛል።» «የውጪው በራችንስ? እኔ ቡኒ ነው የምለው።» እትዬ ጠጠር በሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ራሷ ናት ቀለሙን የገዛችው፤ ምን ብላ እንደገዛችው ግን ማስታወስ አቃታት።